የድልድዩ የመጨረሻ ቅብ

አባቴ ጡረታ ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል፤ የዚያን ዕለት ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ከመታጠቢያ ክፍሉ ላምባ ላምባ እየሸተተ ወጣ። ጥፍሮቹ ዙሪያ ግራጫ ቀለም ነበር። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ፊቱ ፈክቶ፣ "እንዴት አደራችሁ" አለንና መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ እጆቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ መልሳ መርገጥ ጀመረች። እኔም አይቻለሁ። ማናችንም አልጠየቅንም። በኛ ቤት እንዲህ ነው፤ ጨው አቀብይኝ፣ በሩን ዝጊው ለመባባል ድምፃችን ጎረቤት ድረስ ይሰማል፤ ዋናው ነገር ሲመጣ ግን ሦስታችንም አፋችንን እንይዛለን። የጎረቤቱን በር ቀብቶለት ይሆናል ብዬ ጫማዬን ማሰር ቀጠልኩ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፤ ከወንዙ ዳር፣ ድሮ የጥጥ መጋዘን ከነበረው ሕንፃ ጀርባ። ሰሞኑን በመጋረጃ ተውጣለች። መጋዘኖቹ እየታደሱ መኖሪያ ሆነዋል፤ አዲሶቹ ሰዎች መስኮታቸው ከወለል እስከ ጣሪያ ስለሆነ ሁሉም መጋረጃ ይፈልጋሉ። እናቴ ለሠፈሩ ሰው በሜትር ስልሳ ነበር የምትሰፋው፤ ለነሱ መቶ ሃያ አለቻቸው። አንድም የተከራከራት የለም። ይሄ ደስ ሊላት ሲገባ እስከዛሬ ያበሳጫታል፤ "መቶ ሃምሳ ማለት ነበረብኝ" እያለች መርፌዋን ትወጋለች። አባቴ በዚያ ሁሉ ጨርቅ መሃል ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ድልድዩን ያያል። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀለም ሲቀባው የኖረው ድልድይ ነው። ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ሌላው ጫፍ ለመድረስ ሦስት ዓመት ይፈጅበት ነበር፤ ሲደርስ መጀመሪያ የቀባው ዝጎ ይጠብቀዋል፤ ተመልሶ ይጀምራል። በወንዙ ግራና ቀኝ ያለ ሰው ጋሽ ግራጫ ይለዋል።

እኔ ደግሞ የምሠራው ያንኑ ድልድይ በማንሳቱ ሥራ ላይ ነው። ሥራውን ያገኘሁ ቀን ለአባቴ ስነግረው "ጥሩ" ብሎ መነጽሩን ጠረገ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ድልድዩ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እሱ እንዴት እንደምንቆርጠው አልጠየቀኝም፤ እኔም ያመዋል ብዬ አልነገርኩትም። ሥራ ቦታም ቢሆን የማን ልጅ እንደሆንኩ ከዘበኛው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ኩባንያው ከሌላ ከተማ የመጣ ነው፤ የፈረቃ ኃላፊ ከሆንኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነበር፤ የጋሽ ግራጫ ልጅ ከምባል አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ያወጡልኝ "ሜትር" የሚለው ስም ይሻለኛል ብዬ ነበር። ሜትሬን ከወገቤ ስለማልፈታ ነው። እንግዲህ አባቴን ደበቅኩት ማለት ነው። በጊዜው እንዲህ ብዬ አልጠራሁትም።

የዚያን ዕለት የሚነሳው የመሃለኛው ክፍል ነበር። አዲሱ ድልድይ ከጎኑ ከሁለቱም ዳርቻ ክንዱን ዘርግቶ መሃል ላይ አሥራ ስምንት ሜትር ቀርቶታል፤ አሮጌው የመሃሉን መሥሪያ ቦታ ስለያዘበት ካልተነሳለት ሊገናኝ አይችልም። ሰዉ ስድስት ወር ሙሉ ማዶ ለመሻገር አርባ ደቂቃ በሚኒባስ ይዞራል፤ ክሊኒኩ ማዶ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ወዲህ። ክሬኑ የመጣው በጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ተጭኖ ሲሆን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ ተመልሶ የሚመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ከአሥር ሰዓት በፊት መቁረጥ፣ ማንሳት፣ ማስቀመጥ። ለዚህ ብለን ብረቱ ላይ ሠላሳ ስምንት ቀይ ምልክት አድርገናል፤ መስመር ማለት እዚህ ቁረጥ ነው፣ ክብ ማለት የክሬኑን ገመድ እዚህ እሰር፣ ቁጥሩ ተራውን ነው። ተራው ከተዛባ ብረቱ ይጣመማል፤ ከዚያ የሚሆነውን አያሳየን። በድሮው ፕላን መሥራት አይቻልም፤ ድልድዩ እንደማንኛውም ሽማግሌ ጎብጧል። ቀያሹ በመሣሪያው ሦስት ቀን ሲለካ እኔ ነፋስ በሚከልል ሸራ ውስጥ ከኋላ ከኋላው በስፕሬይ ስጽፍ ሰነበትኩ፤ ትናንት ከሥራ ስንወጣ ሸራውን አንስተን "ምልክቱ ተጠናቋል" የሚለው ላይ ፈርሜ ነው የሄድኩት።

ስደርስ ልጆቹ ሄልሜታቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ቆመዋል። ቀና ብዬ አየሁ። ከጥገናው መተላለፊያ ላይ ሆነን የጻፍንበት ብረት ሁሉ ጥርት ያለ ግራጫ ሆኗል። ቀይ የነበረበት ቦታ ሁሉ ተሸፍኗል፤ ጠርዙ ከአሮጌው ቀለም ጋር ተመሳስሏል፤ አንድ ጠብታ የለም፣ የተዘለለ ጥግ የለም፤ የብሎኖቹ ዙሪያ እንኳ በትንሿ ብሩሽ ተዙሯል። ከሠላሳ ስምንቱ ምልክት አንዱም አይታይም። እንዲህ የሚቀባ ሰው በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ነው። የጠዋቶቹ የአባቴ እጆች ትዝ አሉኝ።

የሳይቱን ኃላፊ ልጆቹ ሳይረን ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ጠዋት ይበቃል።

"ማነው ይሄ እብድ?" ይላል ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ። "ሌባ ብረት ይሰርቃል፣ እሺ። ጎረምሳ የፍቅረኛውን ስም ይጽፋል፣ እሺ። ሌሊት ተነስቶ፣ በራሱ ቀለም፣ በነፃ የሚሠራ እብድ ግን አይቼ አላውቅም!"

አንዱ ብረት ቆራጭ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ወደ መሬት አቀረቀረ። ሳይረን ወደኔ ዞረ። ፈርመሻል አለኝ። ቀያሹ ሌላ ሳይት ስለሆነ ከነገ ወዲያ ካልሆነ አይደርስም፤ ክሬኑ አይጠብቅም፤ ለዋናው ቢሮ መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ፤ ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊ መሆንሽን እርሺው፤ እብዱን ደግሞ ፖሊስ ይፈልገዋል አለ። ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ ቲነር እንዲመጣ አዘዘ። ልጆቹ ጨርቅ ነክረው ቁጥር አንድ የነበረበትን ቦታ ሲያሹት ግራጫውም ቀዩም አብረው እንደ ወጥ ተደባልቀው ወረዱ። ብረቱ ራቁቱን ቀረ። "በቃ አቁሙ!" ብዬ ጮህኩ። በዚያ ሳይት ላይ ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። የቀያሹ ወረቀት እጄ ላይ ነው፤ ግን የተለካው ከምልክት ወደ ምልክት ስለሆነ ሁሉም ከጠፉ ወረቀቱ ለምንም አይሆንም።

መተላለፊያው ላይ ወጥቼ ቀለሙን በጣቴ ነካሁት። ላዩ ያዝ አድርጓል፣ ውስጡ ግን ገና ለስላሳ ነው። ስወርድ ዘበኛው ከጥበቃ ቤቱ በር ላይ ሆኖ አፈር አፈሩን ያያል።

"አንተ ነህ ያስገባኸው?" አልኩት በሹክሹክታ።

"እንዴት ልከልክላቸው ሜትር? ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቆርቆሯቸውን ይዘው መጡ። ልሰናበተው ነው አሉኝ። እኔ ቆመው አይተው የሚመለሱ መስሎኝ፣ ትንሽ አሸለበኝ።" ቀና ብሎ አየኝ። "አልናገርም። አንቺም አትናገሪ።"

ወደ ቤት የሮጥኩት ለሳይረን ምንም ሳልነግር ነው። አምስት ደቂቃ አይሞላም መንገዱ፤ አምስቱንም ደቂቃ አባቴን ስሰድበው ሄድኩ። ስገባ ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው፤ የረካ ሰው መልክ አለው፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበኝ።

"ድልድዩን ቀባኸው?"

"ትንሽ ነገር አሳመርኩት" አለ፣ ሲመሰገን እንደሚያፍር ሰው። "ትናንት ማታ ሸራው ተነስቶ በመስኮት ሳይ ጎረምሶች በቀይ ሞነጫጭረውበታል። ዛሬ ሰው ሁሉ ወንዙ ዳር ወጥቶ ሊያየው ነው። እንዲህ ተዝረክርኮ ይሂድ? ሰው እንኳ ታጥቦ ነው የሚሸኘው።"

"የጻፍኩበት እኔ ነኝ አባዬ።"

"አንቺ?" ፊቱ ተለወጠ። ቆጣ አለ ደግሞ። "አንቺ? እኔ ያሳደግኩሽ ልጅ ድልድይ ላይ?"

ምልክቱ ምን እንደነበር ነገርኩት። ቀዩ መስመር፣ ክቡ፣ ቁጥሩ፣ ክሬኑ፣ አሥር ሰዓት፣ ፊርማዬ። ስነግረው በወንበሩ ላይ ትንሽ ትንሽ እያለ አነሰብኝ። ንዴቴ የት እንደሄደ አላውቅም፤ አሳዘነኝ። አባቴ በሥራው ተሳስቶ አያውቅም፤ የተሳሳተው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም በልጁ ላይ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለ በቀጭን ድምፅ።

"መቼ ጠየቅከኝ?"

የስፌት መኪናው ቆመ። እናቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "አራት ዓመት ሙሉ ዝም ተባብላችሁ ዛሬ ነው ክርክር ያማራችሁ?" አለች። "የልጅቷ ሥራ ሊሄድ ነው። ተነስ አንተ ሰውዬ! መቀባቱን ካወቅክ ማስለቀቁ አይጠፋህም።" ይሄን ብላ ከጠረጴዛው ሥር የመጋረጃ ቁርጥራጭ የሞላበትን ጆንያ ጎትታ አወጣች።

አባቴ እንደ ሐኪም ይጠይቀኝ ጀመር። በምን ጻፍሽው? በስፕሬይ። የመጨረሻው መቼ ደረቀ? ትናንት ከሰዓት። ቲነር ነክቶታል? አንዱን። "ወይኔ! እሱን እርሺው" አለና ተነሳ፤ ጉልበቱ ስለሚያመው ሁልጊዜ በሁለት ጊዜ ነው የሚነሳው፣ ያን ቀን በአንዴ ተነሳ። "የኔ የዘይት ቀለም ነው፤ በሌሊት የወንዝ ቅዝቃዜ ቶሎ አይጠነክርም። ላምባ የኔን ያነሳል፣ ያንቺን አይነካም። ቲነር ግን የማንንም አይለይም። ፀሐይ ደመናውን ሳትገልጠው መድረስ አለብን፤ ፀሐይ ካገኘችው አለቀ።"

እሱ ጀሪካኑን ይዞ፣ እኔ ጆንያውን ተሸክሜ፣ እናቴ "መጣሁ፣ መኪናዬን ልሸፍን" እያለች ከኋላ። መንገድ ላይ አባቴ ወደፊት እያየ "እዚያ ስንደርስ አታውቂኝም" አለኝ። "አንድ አሮጌ ቀለም ቀቢ አገኘሁ በያቸው። ማን ቀባው ሲሉኝ እኔም አላውቅም እላለሁ። በኔ የተነሳ እንጀራሽን እንዳታጪ።" እውነቱን ልናገርና ሐሳቡ ደስ አለኝ። ምልክቱ ይገኛል፣ እብዱ ሳይታወቅ ይቀራል፣ እኔም በቦታዬ እቆያለሁ። "እሺ" አልኩት። ያቺን እሺ እስከዛሬ ሳስታውሳት አፍራለሁ።

በሩ ላይ ስንደርስ ሳይረን ዘበኛውን ግድግዳ አስይዞታል። ማታ የነበርከው አንተ ነህ፣ ወይ ስሙን ትናገራለህ ወይ ቁልፉን አስረክበህ ትሄዳለህ ይለዋል። ዘበኛው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና የቁልፍ እስሩን አወጣ፤ እኛን ሲያይ እንኳ ፊቱን ዞር አደረገ፣ እንዳያጋልጠን። የአራት ልጆች አባት ነው። አባቴ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ሊናገር መሆኑ ገባኝ፤ ከመናገሩ በፊት ቀደምኩት።

"ቁልፉን መልስለት" አልኩ። "የቀባው ይሄ ሰው ነው። አባቴ ነው።"

ልጆቹ ሁሉ ዞሩ። ሳይረን አባቴን ከላይ እስከ ታች፣ እኔንም ከላይ እስከ ታች አየን።

"አባትሽ?"

"አባቴ። ድልድዩን ሠላሳ አንድ ዓመት የቀባው እሱ ነው። ምልክት መሆኑን አላወቀም፣ እኔ ስላልነገርኩት ነው። ማስለቀቅ ይችላል፤ ግን እዚህ ቆመን ባወራን ቁጥር ቀለሙ እየደረቀ ነው።"

ሳይረን የሚጮኽ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልጮኸም፤ ሰዓቱን አየ። "አባባ፣ ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?"

"ልጆቹን ከሰጠኸኝ እስከ ስድስት።"

"እንግዲያው ፖሊሱም እስከ ስድስት ይጠብቃል" አለ ሳይረን።

እነዚያን በጋዝ ብረት የሚቆርጡ፣ ስድብ እንደ ሰላምታ የሚለዋወጡ ልጆች አባቴ እንዴት እንዳሠራቸው ማየት ነበረባችሁ። ጨርቁን አጥልቁት እንጂ አታሹት፣ ይጠጣ፤ እስከ ሃምሳ ቁጠሩ፤ አሁን ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ጨርቁን ገልብጡት፤ የቆሸሸውን አትመልሱት፣ ያ ጨርቅ ነው ወይስ ምላስ? ጉልበቱን ረስቶ መተላለፊያው ላይ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል፤ አንዱ ቸኩሎ ሲፈትግ ካየ እጁን መታ ያደርገዋል። ከአበባ መጋረጃ ቁራጭ ሥር መጀመሪያ የወጣው አሥራ ሰባት ቁጥር ነበር። ቀዩ ልክ እንደጻፍኩት፣ ጥርት ብሎ። ልጆቹ ጎል እንደገባ ጮሁ። ከዚያ ዘጠኝ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት። እናቴ ዳር ላይ ድንጋይ መርጣ ተቀምጣ "እዚያ ጋ ዘለላችሁ! በስተግራ!" እያለች ታዛለች፤ የት ጋ እንደሆነ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ ከደመናው ወጣች። በምሥራቁ በኩል ሁለቱ ምልክቶች አባቴ መጀመሪያ የቀባቸው ስለነበሩ ጠንክረው እምቢ አሉ። ቲነር የበላው ቁጥር አንድ ሲጨመር ሦስት ሆኑ። እነሱን ግን በሁለት በኩል ምልክት ስለተገኘላቸው በቀያሹ ወረቀት እኔ በሜትሬ ለካኋቸው። አንድ ጊዜ ለካሁ፣ ሁለት ጊዜ ለካሁ። ሦስተኛ ልለካ ስል ሳይረን ጫፉን ያዘልኝና "ልክ ነው፣ ጻፊ" አለ። ቀዩን ስፕሬይ አባቴ ነው ያቀበለኝ።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ የመጀመሪያው መቁረጫ ተለኮሰ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው የመጨረሻው ብረት ተለቀቀ፤ የክሬኑ ገመዶች ተወጠሩ፣ ድልድዩ አንድ ጊዜ እንደ መንቃት ብሎ ተንቀጠቀጠና ወደ ላይ ተነሳ። በሁለቱም ዳርቻ የተሰበሰበው ሰው አንገቱን ቀና አደረገ። ሥሩ ያለው ውሃ በአንዴ በራ፤ ያ ቦታ ከእናቴ ዕድሜ በፊት ጀምሮ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። የአዲሱ ድልድይ ሁለት ክንዶች ከኋላው ብቅ አሉ፤ መሃላቸው ያለው ክፍተት ከዚያ ሲታይ ትንሽ ነው፣ ሰው እጅ ለእጅ ሊጨባበጥበት የሚችል ይመስላል። ማዶ ያሉት ሴቶች እልል አሉ፤ ወዲህ ያሉትም መለሱላቸው። አባቴ አለቀሰ። አላፈረም፣ አልደበቀም፤ እንባውን በላምባ ጨርቅ ሊጠርግ ሲል እናቴ ቀምታው በነጠላዋ ጠረገችለት። እኔም አለቀስኩ፤ ግን ሬዲዮ ይዤ ስለነበር ለክሬነኛው ቀስ በል፣ ወደ ግራ፣ አሁን አውርድ እያልኩ ነው ያለቀስኩት። ጀልባው ላይ ካረፈ በኋላ አባቴ ለረጅም ጊዜ ወንዙን ሲያይ ቆየና "ለካ ሰፊ ነው" አለ።

ከሥራ መውጫ ላይ ሳይረን እኔንና አባቴን ቢሮ ጠራን። ቢሮው የቆርቆሮ ኮንቴይነር ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት የተለያየ ወንበር፣ የማይሠራ ቬንቲሌተር። ፖሊስ እንዳልጠራ፣ እንደማይጠራም ነገረን። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርሰኛል፤ ከቦታዬ ግን አልነሳም። "የብልሽት ሪፖርት መሙላት ግን ግዴታ ነው፤ የፈረቃ ኃላፊ ስለሆንሽ የምትሞዪው አንቺ ነሽ" ብሎ ቅጹን ወደኔ ገፋው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ያለ ድምፅ እንዳለው እስከዚያ ቀን ማንም አያውቅም። "'ጉዳቱን ያደረሰው' የሚለው ላይ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ብለሽ ጻፊ።"

ለኛ ብሎ ነው። አመሰግናለሁ ልለው አፌን ስከፍት አባቴ ከበሩ ላይ "የለም" አለ።

"አባባ፣ ለእርስዎ እኮ ነው የሚሻለው።"

"ገብቶኛል ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ያልታወቀ አትበለኝ።" ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። "ያን ሁሉ ዓመት ስቀባ አንድ ወረቀት ላይ ስሜን አላየሁም። ዝገት ሲገኝ ይጻፋል፤ ደህና ሲሆን ማን ደህና እንዳደረገው የሚጽፍ የለም። ዛሬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ያስተካከልኩትም እኔ ነኝ። ጻፉኝ።"

ሳይረን እኔን አየኝ። እኔ እስክሪብቶውን አነሳሁ። ጉዳቱን ያደረሰው በሚለው መስመር ላይ ስሙን ጻፍኩ፣ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ። ጉዳቱን ያስተካከለው በሚለው ላይም ደገምኩት። ከሁሉም ታች የኃላፊው ሙሉ ስም ይላል፤ የኔን ጻፍኩ፣ የኔን ተከትሎ የሚመጣውን የአባት ስምም ጻፍኩና ፈረምኩ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ። በጣቱ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ስሙን ፈለገ፤ አንድ፣ ሁለት። ሦስተኛው ላይ፣ ከኔ ስም አጠገብ፣ ጣቱን ሳያነሳ ቆየ።